ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ውኃው ይለካ

የቆሮሶ ዓሣ እርባታ በአዊ፤ ከቻግኒ እስከ እንጅባራ

ምንጭ ከደጁ ያለው፣ የእጅ ጉድጓድ የቆፈረ ወይም ከመስኖ ቦይ አጠገብ መሬት ያለው ገበሬ «ዓሣ ባረባ ያዋጣኛል ወይ?» ብሎ ወደ ገበሬ ማኅበሩ መሪ ሲመጣ፣ መሪው የሚሰጠው መልስ የአንድ ቤተሰብን የብዙ ወራት ጉልበት የሚያተርፍ ወይም ውኃ ውስጥ የሚያስቀር ነው። በአዊ ይህ መልስ ለሁሉም ቀበሌ አንድ ሊሆን አይችልም። ለቻግኒው ገበሬ «በርታ» የሚባልበት ሥራ ለእንጅባራው ገበሬ «ተው» ሊባልበት ይገባል። ምክንያቱም ዓሣ የራሱ የሆነ የሰውነት ሙቀት የለውም። ውኃው ሲሞቅ ይሞቃል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል።

የአዊ መሬት ከጃዊ ቆላ ተነሥቶ በጓንጓና በዚገም በኩል ወደ ዳንግላ ይወጣል፤ ከዚያም በፋግታ ለኮማ አድርጎ እስከ ባንጃ ደጋ ይደርሳል። ቻግኒ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,600 ሜትር ገደማ፣ ዳንግላ በ2,100 ሜትር ገደማ፣ ቀድሞ ኮሶበር ትባል የነበረችው እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው። ቻግኒና እንጅባራ በአንድ ጠዋት የሚደረስ መንገድ ቢሆኑም ለዓሣ ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

በአገራችን ለኩሬ እርባታ በቅድሚያ የሚመረጠው ዓሣ ቆሮሶ ነው። በጣና ዙሪያ ቀረሶ ይሉታል፤ በዓለም ገበያ ቲላፒያ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ሳይንስ ሲክሊድ ብሎ ከሚጠራው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ወገን ነው። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆቴሎች መቀበያ ክፍልና በአንዳንድ ባለጸጎች ሳሎን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከሚዋኙት ባለቀለም ትናንሽ ዓሦች መካከል የቆሮሶ ዘመዶች የሆኑ ይገኙበታል። ከተሜው ለዓይኑ ያረባቸዋል፤ ገበሬው ደግሞ ለድስቱ። ጠባያቸው ግን ይመሳሰላል፤ ሥፍራ ይዘው ይጠብቃሉ፣ ለሥፍራቸው ይጣላሉ፣ ልጆቻቸውንም እንደ ሌላው ዓሣ ወልደው አይጥሉም። የጥንት ግብፃውያን ቆሮሶን በመቃብር ግድግዳዎቻቸው ላይ ሥለውት ይገኛል፤ የዛሬይቱ ግብፅም በዚሁ ዓሣ እርባታ ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። ያው የዓባይ ዓሣ መሆኑ ነው።

ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ22 ዲግሪ በታች ሲወርድ መራባቱን ያቆማል ለማለት ይቻላል። ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ይጎተታል። 16 ወይም 17 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መብላቱን ይተዋል፤ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ውስጥ ደግሞ ይሞታል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ቢሆን እነዚህን ቁጥሮች እንዲይዙ እንመክራለን።

ስለዚህ የጃዊ፣ የዚገምና የጓንጓ ቆላና ዝቅተኛ ወይና ደጋ ለቆሮሶ የተመቸ ነው። ዳንግላ ጠርዝ ላይ ናት፤ በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ዓሣው ይበላል፣ ያድጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ውኃው ይቀዘቅዝበታል። በዳንግላ ዓሣ ማርባት ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እንጅባራንና አካባቢዋን በሚመለከት ግን ሳንሸፋፍን እንናገር፤ ለቆሮሶ የሚሆን አገር አይደለም። ከብርድ ጋር ሲታገል የከረመ ዓሣ ዓመት ቆይቶም መዳፍ ላይሞላ ይችላል። የባንጃ ገበሬ በድንቹ፣ በበጉና በቀርከሃው ቢበረታ ይሻለዋል። ለብርድ የሚጸና ካርፕ የሚባል ዓሣ አለ፤ ነገር ግን ይህ ከውጭ የመጣ፣ የኩሬን ወለል እየቆፈረ ውኃ የሚያደፈርስ፣ ካመለጠም ጉዳት የሚያስከትል ዓሣ በመሆኑ ያለ ባለሙያ ምክር የሚገባበት አይደለም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

ቁጥር ከመነገሩ ይልቅ መለካቱ ይበልጣል። አንድ ቀበሌ ኩሬ ለመቆፈር ከመነሣቱ በፊት፣ በታሰበው ቦታ አንድ ሜትር ጥልቀት ያላት ትንሽ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ይሙላባት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የብርድ ወራት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙቀቱ ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። መለኪያ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መዋስ ይቻላል። የጤና ጣቢያው የትኩሳት መለኪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብምና። የጠዋቱ ቁጥር ለሳምንታት ከ16 ዲግሪ በታች ሆኖ ከታየ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል፤ የጠፋውም የአንዲት ትንሽ ጉድጓድ ጉልበት ብቻ ይሆናል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራ ክልል በየቤተሰቡ የውኃ ማቆሪያ ኩሬ የማስቆፈር ሰፊ ዘመቻ መካሄዱ ይታወሳል። በዚያ ጊዜ ከተቆፈሩት ብዙዎቹ ውኃ አልያዙም፤ ላስቲካቸው ተቀደደ፣ ደለል ሞላባቸው፣ አንዳንዶቹም ለከብትና ለሕፃናት አደጋ ሆነው ቀሩ። የጉድጓዱ ቁጥር ተቆጠረ እንጂ አፈሩና ውኃው አልተመረመረም ነበር። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣ ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጋር ተሰልፏል። ዓላማው ጥሩ ነው። ሆኖም ለዓሣ የሚሆን ኩሬ በዕቅድ ቁጥር የሚከፋፈል ነገር አለመሆኑን ከገበሬ ማኅበር መሪ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አፈሩና ኖራው

ውኃው በሙቀቱ ካለፈ ቀጥሎ አፈሩ ይታያል። ከታሰበው ቦታ ከአንድ ሜትር ጥልቀት የወጣ አፈር በውኃ ተለውሶ እንደ ሙልሙል ይድቦልቦልና ወደ ላይ ተወርውሮ በእጅ ይቀለብ። ሳይፈርስ ከተያዘ ሸክላነት አለው፤ ውኃ ይይዛል። ከፈረሰ ውኃው ይሰርጋል። ጥልቅ የሆነው የአዊ ቀይ አፈር ለሰብል መልካም ቢሆንም ውኃ የማስረግ ጠባይ ስላለው፣ ከወንዝና ከምንጭ ግርጌ ያለው ጥቁር ወይም ግራጫ ጭቃማ ቦታ ይመረጣል።

ሌላው የአካባቢው ጠባይ የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ባንጃን በመሳሰሉት ወረዳዎች ገበሬው ለስንዴውና ለገብሱ ኖራ መበተን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ዓሣውም ያንኑ ይፈልጋል። አሲዳማ በሆነ ኩሬ ውስጥ ፍግ ቢጨመርም ውኃው አረንጓዴ አይሆንም፤ ዓሣው የሚመገባቸው ደቃቅ ነገሮች አይበቅሉም። ኩሬው ውኃ ሳይገባበት በየ100 ካሬ ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ በወለሉና በግድግዳው ላይ ይነሰነሳል፤ አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ ከዚህ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ለሕንፃ ቀለም የሚቃጠለው ትኩስ ኖራ ግን ዓሣ ባለበት ውኃ ውስጥ ፈጽሞ መጨመር የለበትም።

ለአንድ ቤተሰብ 200 ካሬ ሜትር ያለው፣ በአንድ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር በሌላው ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ጥልቀት ያለው ኩሬ ይበቃል። የወጣው አፈር እየተጠቀጠቀ ግድግዳ ስለሚሆን፣ የሚቆፈረው ከ100 ሜትር ኩብ ብዙ አይበልጥም። አንድ ጎልማሳ በቀን ከ1 እስከ 2 ሜትር ኩብ ቢያወጣ ሥራው ከ50 እስከ 100 የሰው ቀን ይፈጃል ማለት ነው። በደቦ ወይም በወንፈል ካልሆነ በአንድ ቤት ጉልበት አይገፋም። የአዊ ክረምት በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያወርድ በመሆኑ፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ አቅጣጫ የሚያስለውጥ ቦይና ትርፉ ውኃ የሚወጣበት በወንፊት የተከደነ ማፋሰሻ ሊኖረው ግድ ነው። ያለዚያ በነሐሴ አንድ ሌሊት ዓሣውም ጉልበቱም ወንዝ ይገባል።

እዚህ ላይ የመሪው ሥራ የሚከብድበት አንድ ጉዳይ አለ። 200 ካሬ ሜትር ኩሬ በሥርገትና በትነት በቀን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ቢጎድል 2,000 ሊትር ነው። በየካቲትና በመጋቢት ምንጩ ሲቀጥን ይህ ውኃ ከታች ላለው ባለ መስኖ የሽንኩርት ውኃ ነው። ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት የውኃው ተራ በስብሰባ ተነጋግረው ቢወስኑት ጠብ ይቀራል። መልካም የሚሆነው ኩሬው ከመስኖው በላይ ሲሠራና ውኃው በኩሬው አልፎ ወደ ማሳው ሲወርድ ነው፤ ከዓሣ ኩሬ የሚወጣ ውኃ ፍግ ያዘለ ስለሆነ ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት ማዳበሪያ ይሆናል።

እናቲቱ በአፏ ታሳድጋለች

ቆሮሶ እንዴት እንደሚዋለድ ሳያውቅ ኩሬ የያዘ ገበሬ ብዙ ዓሣ ይኖረዋል፤ የሚበላ ዓሣ ግን አይኖረውም። ይህ እንቆቅልሽ መፈታት አለበት።

ወንዱ ቆሮሶ ለመራባት ሲደርስ ከኩሬው ወለል ላይ በአፉ አሸዋና ጭቃ እየዛቀ እንደ ሳሕን ጎድጎድ ያለች ጎጆ ያበጃል። ሌላ ወንድ እንዳይጠጋት ይጠብቃል፤ ሰውነቱም ይደምቃል። ሴቲቱ መጥታ ዕንቁላሏን በጎጆዋ ላይ ትጥላለች፤ ወንዱ ያስረግዘዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚያስደንቀው ነገር የሚመጣው። ሴቲቱ ዕንቁላሉን በሙሉ ለቅማ በአፏ ትይዛለች። ቁጥሩ እንደ ሰውነቷ መጠን ከመቶ እስከ 2,000 ገደማ ሊደርስ ይችላል። ዕንቁላሉ በአፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም የተቋጠረላቸውን አስኳል እስኪጨርሱ እዚያው ይቆያሉ። ውኃው ሞቃት ከሆነ ይህ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ይረዝማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እናቲቱ ምንም አትበላም ለማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። ከኩሬው ዳር ቆሞ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

ልጅን እንዲህ የሚጠብቅ ፍጡር ብዙ ልጅ አይሞትበትም። በሐይቅ ውስጥ ሲሆን ትልልቅ ዓሦችና ወፎች ያመዛዝኑታል። በኩሬ ውስጥ ግን የሚበላው የለም። ከዚህም ሌላ ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ሳያድግ ይደርሳል፤ በሞቀ ውኃ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ክብደቱ 50 ግራም እንኳ ሳይሞላ መውለድ ይጀምራል፤ ከዚያም በየአንድ ወር ተኩሉ ገደማ ይደግማል። ገበሬው 400 ጫጩት አስገብቶ በስምንተኛው ወር ሲያጠልቅ እልፍ ያገኛል፤ ነገር ግን ሁሉም እንደ ጣት ናቸው። ምግቡን ተሻምተው ሁሉም ድንክ ሆነው ቀርተዋል።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሁሉም በገበሬው አቅም ግን አይደሉም። አንደኛው ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት ነው። ሴቷ በምትታቀፍበት ጊዜ ስለማትበላና ኃይሏን ለዕንቁላል ስለምታውል ወንዱ ይበልጣታል። ዓሦቹ 30 ግራም ያህል ሲደርሱ አንድ በአንድ በእርጥብ እጅ ተይዘው ሆዳቸው ይታያል። በወንዱ ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለችው ጫፍ ሾል ያለችና አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያላት ናት። በሴቷ ክብ ብላ መካከሏ ላይ አግድም የተሰነጠቀች የዕንቁላል መውጫ አለች። ጥቂት የጽሕፈት ቀለም በጥጥ ቢቀባበት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የለመደ ሰው እንኳ ከአሥሩ አንዱን ሊስት ይችላል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ዓይናቸው ጥሩ የሆነ ወጣቶች ቢሠለጥኑበት ለአንድ ቀበሌ በቂ ናቸው። የተለዩት ሴቶች አይጣሉም፤ ለድስት ይሆናሉ።

ሁለተኛው ከቆሮሶው ጋር ጥቂት አምባዛ ማስገባት ነው። ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ቢገባ የሚወለዱትን ጫጩቶች እየለቀመ ይበላል። ጥንቃቄው ሲገባ አምባዛው ከቆሮሶው ማነስ ያለበት መሆኑ ነው፤ ከበለጠ ዋናውን መንጋ ይበላዋል። ሦስተኛው በሆርሞን የተቀላቀለ ምግብ ጫጩቶችን ሁሉ ወንድ ማድረግ ሲሆን፣ ይህ የማባዣ ጣቢያ ሥራ እንጂ የገበሬ ቤት ሥራ አይደለም።

የዳንግላ ብርድ በዚህ ረገድ አንድ ጥቅም እንዳለው ሳንናገር አናልፍም። ውኃው ለብዙ ወራት ከ22 ዲግሪ በታች ስለሚሆን ዓሣው እንደ ቻግኒ በየጊዜው አይወልድም። ዕድገቱ ይዘገያል፤ የልጅ ብዛቱ ግን ያን ያህል አያስቸግርም።

ጫጩት ራሱ ለማባዛት የሚፈልግ ማኅበር ቢኖር፣ ቦታው ሞቃት ከሆነ ጥበቡ ከባድ አይደለም። ከወባ አጎበር በጠነከረ ጥቅጥቅ መረብ የተሰፋ ሣጥን በኩሬው ውስጥ በአራት እንጨት ይተከልና ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት ሆኖ ወላጆቹ ይገባሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ በዳሩ እንደ ደመና የሚዋኙት ጫጩቶች በወንፊት ይለቀማሉ። መዘግየት አይገባም፤ ቀድመው የተወለዱት በኋላ የተወለዱትን ይበላሉ።

ይህን ሁሉ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ማሳየት ይቀላል። የከተሜው የመስታወት ሣጥን ለገበሬም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ ሣጥን 250 ሊትር ይይዛል፤ ክብደቱም ከ250 ኪሎ ስለሚበልጥ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የጠና ይሁን። በገበሬዎች ማሠልጠኛ ወይም በትምህርት ቤት ቢቀመጥ፣ ከጣት ከፍ ያሉ አንድ ወንድና ሦስት ሴት ቢገቡበት፣ ወለሉ አሸዋ ቢሆንና ሴቶቹ ከወንዱ ዱላ የሚሸሸጉበት የገንቦ ስባሪ ቢኖር፣ ጎጆ መቆፈሩንም አፍ ውስጥ መታቀፉንም ገበሬው ከነልጁ ያየዋል። በዳንግላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። አዲስ ሣጥን ወዲያው ዓሣ አይሞላበትም፤ ከዓሣው እዳሪ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያረክሱ ረቂቅ ተሕዋስያን እስኪበረክቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡም ቁንጥር ይሁን። በየሳምንቱ ሩብ ውኃ ይቀየራል፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሩ እንዲለቀው አንድ ቀን በገላጣ ዕቃ ያድራል። ዓሦቹ ሲተልቁ ሣጥኑ ይጠባቸዋልና ወደ ኩሬ ይዛወሩ።

ምግቡና ጥበቃው

ቆሮሶ ዋና ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ስለሆነ አረባቡ ከዶሮ ይልቅ ከከብት ግጦሽ ጋር ይመሳሰላል። በኩሬው ማዕዘን በቀርከሃ በታጠረ ቅርጫት መሳይ ቦታ በሳምንት ለ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል የከብት ፍግ ይጨመራል። የዶሮ ኩስ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ክንድ እስከ ክርን ውኃ ውስጥ ሲገባ መዳፍ ደብዝዞ ከጠፋ ውኃው ደርሷል። ቶሎ ከጠፋ ፍጉ በዝቷል። በተጨማሪ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ተደባልቆ፣ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀች በኋላ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሰጣል። በብርድ ወር የማይበሉትን ምግብ መጨመር ውኃውን ማበላሸት ብቻ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲተነፍሱ ከታዩ አየር አጥሯቸዋል። ፍግ ወዲያው ይቁም፤ ንጹሕ ውኃ ከከፍታ እየተንፏፏ ይግባበት።

ኩሬው መታጠር አለበት። ዓሣ አጥማጅ ወፍና እባብ የሚያደርሱት ጉዳት በዓሣ ይቆጠራል፤ ያልታጠረ ኩሬ ግን ሕፃን ይወስዳል። ይህን የገበሬ ማኅበሩ እንደ ግዴታ ሊያስቀምጠው ይገባል፤ አጥር የሌለው ኩሬ ጫጩት አይሰጠው። በቻግኒና በጃዊ በኩል ደግሞ ዳሩ ከሣር የጸዳ ይሁን፤ ዓሣ የትንኝ ዕጭ ቢበላም ሣር ውስጥ የተሸሸገውን አያገኘውም።

ወንዝ አይጨመር

ቀደም ሲል ስለ ካርፕ የጀመርነውን እንቋጨው። ከዳንግላ የሚነሣው የክልቲ ወንዝ ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ጣና ይገባል። ስለዚህ ከዳንግላ ኩሬ ያመለጠ ዓሣ ጣና ደረሰ ማለት ነው። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። የሐይቁ ቆሮሶም የራሱ የሆነ ንዑስ ዝርያ ተብሎ በ1992 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ተመዝግቧል። በሐይቁ ላይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ለዘመናት ሲያጠምድ ኖሯል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ሰፋፊ መረብ ከገባ በኋላ ግን፣ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጣው ነጭ ዓሣ በብዙ ቀንሷል። በዚያ ላይ ባዕድ ዓሣ ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ እንዲገባ ተደረገ፤ የቆሮሶ ዘመዶች የሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ሲክሊድ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከሐይቁ ጠፉ። የእኛው የዓባይ ቆሮሶ ራሱ በዚያው ዘመን ገብቶ የሐይቁን ነባር ቆሮሶ ከቦታው አስለቅቆታል። በአገሩ መልካም የሆነ ዓሣ በሰው አገር ጠንቅ ይሆናል።

ለእንጅባራ ወጣቶችም የሚነገር አለ። ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተጠራቀመ፣ ከ160 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ነው። «ጥቂት ዓሣ ብንጨምርበት» የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ መልሱ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሳይመክሩበት አይደረግም ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ ይህ ሀብት በሕግ የሚተዳደር ነው።

ገበያውን በሚመለከት፣ በአገራችን አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ አንድ ኪሎ አይሞላም። በደጋው ያለ ብዙ ቤተሰብ አሠራሩን አያውቅም፤ እሾሁንም ይፈራል። የመጀመሪያው ምርት ሲወጣ ለገበያ ከመሮጥ ይልቅ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሴቶች ተሰብስበው ወጡንም ጥብሱንም ሠርተው ቢቀምሱት፣ ገዢው እዚያው ይፈጠራል። ዋጋው የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው። በቻግኒ በመጋቢት የገባ ጫጩት በስምንት ወር ለኅዳር ይደርሳል፤ በዳንግላ ግን እስከ ተከታዩ የካቲት ቢቆይ ከጾሙ ጋር ይገጥማል። ለ200 ካሬ ሜትር 400 ጫጩት ገብቶ 320ው ቢተርፍና እያንዳንዱ 200 ግራም ቢመዝን 64 ኪሎ ነው። ይህን በየገበያው ዋጋ አባዝቶ ከመቶ የሰው ቀን ጉልበት ጋር ማስተያየት የእያንዳንዱ ገበሬ ፋንታ ነው። እንደ ዲከረንስ ከሰል ፈጣን ብር የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል፤ ኩሬው ግን በሁለተኛው ዓመት ቁፋሮ አይፈልግም።

ሁሉ ተሟልቶ ጫጩት የሚመጣበት ቀን ሲቆረጥ፣ ኩሬው ከሁለት ሳምንት በፊት ውኃ ገብቶበትና ፍግ ተጨምሮበት አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅ። ከባሕር ዳር ዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫጩቶቹ አንድ ቀን ጾመው፣ ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ታስረው፣ በጠዋት ቅዝቃዜ ይጓዛሉ። ሲደርሱ ላስቲኩ ተቀዶ አይደፋም። እንደታሰረ ኩሬው ላይ ለግማሽ ሰዓት ይንሳፈፍ፤ የውስጡና የውጭው ሙቀት ሲስተካከል አፉ ተፈትቶ የኩሬው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይግባበት። ከዚያ ላስቲኩ ጎኑን ይዘንበል፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው እየዋኙ ይወጣሉ።